በጋሽ ነስሩ ወገብ ላይ ያለው ነገር

በዚህ ጉዳይ እጃቸው ያለበትን ሰዎች ገና ከመግቢያው አንድ በአንድ ልጥራ፤ ኋላ «እኔ አልነበርኩም» የሚል እንዳይመጣብኝ። ጋሽ ነስሩ ነበሩ፤ ጭሮ ላይ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙናና ባትሪ ድንጋይ የሚሸጡ፣ የወገቡ ጌታ። ባለቤታቸው እትዬ ሉባባ ነበሩ፤ የሐሳቡ ጠንሳሽ። የእትዬ ሉባባ ታላቅ ወንድም ሻምበል ጀማል ነበሩ፤ ከውትድርና በጡረታ ተሰናብተው መሰላ የሚኖሩ፣ ሽጉጧን ያመጡ። ኤርሚያስ ነበር፤ ባጃጅ ነጂ፣ ጴንጤ፣ ሰው ሲያቅፍ የጎድን አጥንት የሚቆጥር። ኦቦ ጠሃ ነበሩ፤ ቦርደዴ ላይ ፍየል የሚነግዱ፣ የጋሽ ነስሩ የዘመናት ወዳጅ። እኔ ነበርኩ፤ በጋሽ ነስሩ ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግቼ የምሰፋ። ሽጉጧም ነበረች። ከሁላችንም ያነሰ የተናገረችው እሷ ናት፤ ከእሷ ቀጥሎ እኔ።

ስለ ራሴ ትንሽ ብናገር ነገሩ ይገባችኋል። ስፌት ያስተማረኝ ሰው የለም። አሮጌ ኮት እየተረተርኩ፣ መልሼ እየሰፋሁ፣ የጎደለኝን ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው የተማርኩት። ብቻውን የተማረ ሰው ስህተቱን የሚነግረው ስለሌለ ሁሉን ነገር ሁለቴ ይለካል። አንድ ደንበኛ «ወገቤ እዚያ ገደማ ነው» ሲለኝ የሆነ ቦታ ያመኛል። ገደማ የሚባል ሱሪ የለም። ጋሽ ነስሩ ይህን ጠባዬን ያውቃሉ፤ አውቀውም ነው ወገባቸውን በአደራ የሰጡኝ። ሌላ ሰው ቢመርጡ ኖሮ ሁላችንም ሰላም በሆንን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ነስሩ ጺማቸው ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ የቦርደዴ ገበያ በቆመ ቁጥር ዕቃ ጭነው ወደ ቆላ ይወርዳሉ። እዚያ ኦቦ ጠሃ አንድ ትልቅ የግራር ጥላ አላቸው። ጥላው የመንግሥት ይሁን የፈጣሪ አላውቅም፤ ሰው ግን «የጠሃ ጥላ» ነው የሚለው። ጋሽ ነስሩ እዚያ ሲደርሱ ኮታቸውን አውልቀው ሽርጥ ያገለድማሉ፤ ከሰዎቹ ጋር ይቀመጣሉ፤ ስኳሩ በአንድ በኩል ይሸጣል፣ ወሬው በሌላ በኩል። ለእኔ እንደሚመስለኝ ስኳሩን የሚሸጡት ለወሬው መሄጃ እንዲሆናቸው ነው። ጭሮ ላይ ጋሽ ነስሩ ባለሱቅ ናቸው። ቦርደዴ ላይ ሰው ናቸው።

እትዬ ሉባባ ግን ያንን መንገድ ይፈሩታል። በተለይ በቅርቡ፣ መኪና አስቁመው እንዲህ አደረጉ፣ ሰው ተጎዳ የሚል ወሬ ከተሰማ ወዲህ፣ ጋሽ ነስሩ ቆላ በሚወርዱበት ቀን የእትዬ ሉባባ ሚዛን ይታመማል። ስኳር ሲመዝኑ ዓይናቸው አስፋልቱ ላይ ነው፤ እጃቸው ብቻውን ይቀዳል፣ ይቀዳል። የሰፈሩ ሴቶች ይህን ከደረሱበት በኋላ ስኳር የሚገዙት በቦርደዴ ገበያ ቀን ሆነ። አንዷ እንዲያውም «ጋሽ ነስሩ ዛሬ አይወርዱም እንዴ?» ብላ በሐዘን ስትጠይቅ ሰምቻለሁ።

በመጨረሻ እትዬ ሉባባ ቆርጠው ተነሱ። በልጃቸው ስም ነው ባላቸውን የሚጠሩት።

«የሙና አባት» አሉ፣ «ወይ ታጥቀህ ውረድ፣ ወይ ቤትህ ተቀመጥ።»

ጋሽ ነስሩ ሳቁ፤ እትዬ ሉባባ አልሳቁም። ስለዚህ ጋሽ ነስሩም አቆሙ። ትንሽ አሰቡና ታጥቄ እወርዳለሁ፣ መታጠቁ ካልሆነልኝ ደግሞ ወላሂ ቦርደዴን እተዋለሁ ብለው ማሉ። ግን አንድ ነገር አሉ፤ ማንም እንዳያይ። ጠሃ ወገቤ ላይ ብረት ካየ «ይህን ሁሉ ዘመን ጥላዬ ሥር አስቀምጬው፣ ዛሬ ማንን ፈርቶ ነው?» ይላል። ይህን ካለ ደግሞ ጥላው ጥላ መሆኑ ያበቃል።

እንግዲህ አስቡት። ብረቱ ከታየ ጠሃ ይቀየማሉ። ብረቱ ከቀረ እትዬ ሉባባ እንቅልፍ የላቸውም፤ ጋሽ ነስሩም ቦርደዴ የላቸውም። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ የሰው ወገብ ነው፤ እሱም የተሰጠው ለእኔ ነው።

ሽጉጧን ሻምበል ጀማል ከመሰላ ይዘው መጡ። ፈቃዷ በሕጉ ወደ ጋሽ ነስሩ ስም ዞሮላታል፤ ሻምበል በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። ጠረጴዛው ላይ ጨርቁን ሲገልጡ ሁላችንም ዝቅ ብለን አየናት። ትንሽ ናት። ከእኔ የጨርቅ መቀስ ታጥራለች፤ ስታነሷት ግን መቀሱን ከነጨርቁ ትከብዳለች። ሻምበል ባዶ መሆኗን ሦስት ጊዜ አሳዩን፤ ከዚያ ጥይቱ የሚጎርስበትን፣ ካርታ የሚሉትን፣ ለብቻ አስቀመጡ። ሐሳቡ ግን አልጣማቸውም። የማይታይ ሽጉጥና የማይጮህ ውሻ አንድ ናቸው፣ ሌባ ሁለቱንም አያከብርም የሚል እምነት አላቸው። በእሳቸው ቢሆን ጋሽ ነስሩ ሽጉጧን በደረታቸው ላይ እንደ ሜዳሊያ ሰቅለው ይወርዱ ነበር።

እነሱ ሲከራከሩ እትዬ ሉባባ እጃቸውን ዘርግተው ካርታውን ከነጥይቱ አነሱና በሻሻቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«ሽጉጡ ከእሱ ጋር ይሂድ» አሉ። «ጥይቱ ከእኔ ጋር ይቀራል።»

 ሻምበል እንደ ሐኪም ረጋ ብለው፣ ባዶ ሽጉጥ ይዞ መንገድ ላይ ምን ሊያደርግ ነው ብለው ጠየቁ።

«ምንም አያድርግ። መርፌ እንኳ ሲይዝ ራሱን የሚወጋ ሰው ነው፤ እሱ እንዲተኩስ መቼ አልኩ? እኔ እንድተኛ ነው እንጂ።»

ሻምበል ጀማል ስንት ጦር ሜዳ ያዩ ሰው ናቸው። ያን ቀን ግን ቆባቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ጥይቱም የበርበሬ ቆርቆሮ ውስጥ ገባ፤ እትዬ ሉባባ ማንም በርበሬ ውስጥ እጁን አይሰድም ብለው ያምናሉ።

ሥራዬን ጀመርኩ። ሻምበል በእውነተኛዋ ሽጉጥ እንዳልለማመድ ስለከለከሉኝ አምሳያ መሥራት ነበረብኝ። ሽጉጧን ወረቀት ላይ አጋድሜ በስፌት ጠመኔ ዙሪያዋን ነደፍኩ፤ ከሱቁ አንድ ረጅም የልብስ ሳሙና ወስጄ በቢላ ቀረጽኩ። እጀታዋ፣ አፈሙዟ፣ ቃታዋ ሳይቀር ወጣ። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ስለቀለለ ሆዱን ቦርቡሬ የብሎን ቁርጥራጭ ሞላሁበት። ኤርሚያስ አይቶ፣ በዚህ ሳሙና የሚታጠብ ሰው እጅ ወደ ላይ ብሎ ነው የሚታጠበው አለ። እኔ አልሳቅሁም። ሥራ ላይ ነበርኩ።

ጋሽ ነስሩ ሳሙናውን በቀኝ ወገባቸው፣ በሱሪያቸው ውስጥ ሻጡና ለሙከራ ከተማ ወጡ። ልኬቱ ጥሩ ነበር። ኮቱም ይሸፍናል። ያልለካሁት ሰማዩን ነው። የጫቱ ተራ ጋ ሲደርሱ የጭሮ ዝናብ ያለ ማስጠንቀቂያ ወረደ። ጋሽ ነስሩ ደግሞ ከዝናብ የሚሮጡ ሰው አይደሉም፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በቀስታ ነው ዳገቱን የወጡት። ሱቁ ሲደርሱ ከቀኝ እግራቸው ሱሪ ሥር ነጭ አረፋ እየወጣ ነበር። በሄዱበት መንገድ ሁሉ እስከ ጫቱ ተራ ድረስ ነጭ ነጭ ምልክት ተከትሏቸዋል። አንዲት ጫት ሻጭ ደንግጣ ሰው ልካ አስጠየቀች። «ጋሽ ነስሩን ምን ነክቷቸው ነው?» የሚለው ጥያቄ በጭሮ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው፤ ኋላ የሚመጣውን ለመረዳት ይህን ያዙልኝ።

ከሳሙናው በኋላ ሻምበል እያዘኑ እውነተኛዋን፣ ባዶዋን ፈቀዱልን። በመጀመሪያ ከኋላ፣ ወገብ ላይ ሞከርን። ቆመው ሳሉ ጋሽ ነስሩ ጎበዝ መስለው ታዩ። ባጃጅ ውስጥ ሲቀመጡ ግን ሽጉጧ ከአከርካሪያቸው ጋር ተጣላች፤ ኤርሚያስ አንዷን ጉድጓድ ሲዘል እሷም ዘላ ሱሪያቸው ውስጥ ወረደችና ጉልበታቸው ጋ ተቀመጠች። ሲወርዱ እግራቸውን ማጠፍ አልቻሉም። አንድ እግራቸውን እንደ በር መቀርቀሪያ ቀጥ አድርገው እያነከሱ ሱቁ ገቡ፤ ያዩ ሁሉ «አላህ ያሽርዎት» አሏቸው።

ከዚያ በብብት ሞከርን። ከድሮ ቦርሳ ቆዳ ቆርጬ አፎት ሰፋሁላት፤ ስፌቱን ብታዩት ታመሰግኑኝ ነበር። አልታየችም፣ አልተንቀሳቀሰችም። ብቻ ጋሽ ነስሩ ግራ ክንዳቸውን ከትከሻ በላይ ማንሳት አቃታቸው። ስለዚህ ከላይኛው መደርደሪያ የሚጠየቁትን ዕቃ ሁሉ «የለም» ማለት ጀመሩ። ቲማቲም ድልህ የለም። ሻማ የለም። ዕቃው ከራሳቸው በላይ ተደርድሮ እየታየ፣ ደንበኛው በጣቱ እያሳየ፣ እሳቸው «አልቋል ልጄ» ይላሉ። ሶላት ሲሰግዱም በሱጁድ ላይ፣ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው፣ እንደማቃሰት ያሉ ጊዜ፣ ጓዳው አጠገብ ሲጠብቃቸው የነበረ አንድ ደንበኛ የጋሽ ነስሩ ልብ እንዴት ለስልሷል ብሎ ዓይኑን ጠረገ።

መፍትሔ ያመጡት እትዬ ሉባባ ናቸው። ከሳጥናቸው የድሮ መቀነታቸውን አወጡ፤ ሙናን ሲወልዱ ወገባቸውን የታሰሩበት፣ ሰፊ፣ ድርብ፣ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ። ጋሽ ነስሩ በዚህ ዕድሜዬ መቀነት ልታጠቅ ነው ወይ ብለው ትንሽ አጉረመረሙ፤ ጨርቁን በእጃቸው ሲዳስሱት ግን ክንዳቸውን አንስተው ወገባቸውን ሰጡኝ። እኔም በግራ በኩል፣ ሆድና ወገብ የሚገናኙበት ላይ፣ ልክ በሽጉጧ ቅርጽ ኪስ ሰፋሁበት፤ ከፍ ያለም ዝቅ ያለም የለውም። በላዩ ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ ኮት። ጭሮ ብርዳማ ስለሆነች ሹራብ አያስጠይቅም። ጋሽ ነስሩ ተቀመጡ፣ ተነሱ፣ ስኳር ተሸከሙ፣ ከላይኛው መደርደሪያ ሻማ አወረዱ። ምንም። ለመጨረሻ ፈተና ኤርሚያስን ጠራነው። ኤርሚያስ በቸርቹ ደንብ ደረት ለደረት አቀፋቸው፣ ጨመቃቸው፣ ትንሽም አነሳቸው። ከዚያ «ልብዎ ሲመታ ሰማሁ እንጂ ሌላ የለም» ብሎ መሰከረ። እኔም የልኬት ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ ራሴን በልቤ አመሰገንኩ። ሰው ራሱን በልቡ ሲያመሰግን ሰይጣን በጆሮው ይሰማል።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ከጋሽ ነስሩ ጋር ወረድኩ፤ ሥራዬን እስከ መጨረሻው ማየት አለብኝ ብዬ። ኤርሚያስም ፍየል እገዛለሁ ብሎ ተከተለን። እትዬ ሉባባ መኪናው እስኪነሳ ቆመው፣ ኮቱ ላይ እጃቸውን አድርገው አንዴ ነካ አደረጓት። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲረግብ አየሁ። ለዚህ ነው የደከምኩት ብዬ አሰብኩ።

ሚኤሶን አለፍን፣ አሰቦትን አለፍን፣ ሙቀቱ እንደ ዳቦ ቤት በር ከፊታችን ተከፈተ። ቦርደዴ ስንወርድ ሰው ሁሉ ሽርጥና ስስ ሸሚዝ ነው። ጋሽ ነስሩ ሹራብና ኮት። ከግንባራቸው ላብ እየተንቆረቆረ ኮታቸውን ጭራሽ ቆለፉት። በየዓመቱ፣ በየገበያው የሚያገለድሙትን ሽርጥ በፌስታል እንደያዙ ናቸው። እኔ ቦርደዴን ለክቼ አላውቅም ነበር። ደጋ ላይ የተሰፋ ምሥጢር ቆላ ላይ እንደሚተረተር ማን በነገረኝ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ሰላምታ።

እኛ ጭሮ ላይ የሞከርነው የኤርሚያስን እቅፍ ነው፤ እሱ ደረት ለደረት ነው፣ ጨምቆ ይለቃል። የኦቦ ጠሃ ሰላምታ ሌላ ነው። በመጀመሪያ እጅ ለእጅ ይያዝና አንዱ የሌላውን እጅ ይስማል፤ የቤት፣ የልጅ፣ የከብት፣ የዝናብ ደህንነት ይጠየቃል። ከዚያ ጠሃ ግራ እጃቸውን በወዳጃቸው ወገብ ይጠመጥሙና እንደያዙ ወደ ጥላው ይወስዱታል። ወገብ ተይዞ ነው የሚኬደው።  ቁመት፣ ወርድ፣ ክብደት፣ ሁሉን ለክቼ ያልለካሁት ሰላምታን ነው።

«ነጋያ፣ ኦቦ ነስሩ» አሉ ጠሃ። እጃቸው ዞረ። መቀነቱ ላይ ደረሰ። ቆመ።

ፊታቸው አልተለወጠም። የሹራቡን፣ የኮቱን፣ የላቡን ነገር አንዴ አዩ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ታመሃል እንዴ፣ ኦቦ?» አሉ።

ጋሽ ነስሩ በሕይወታቸው ሚዛን እንኳ ዋሽተው አያውቁም። 

«ትንሽ… እበጥ ቢጤ ናት።»

ጠሃ እጃቸውን ከመቀነቱ ላይ ሳያነሱ ወደ ጥላው ዞረው በኦሮምኛ ጮክ ብለው ተናገሩ። ኤርሚያስ በጆሮዬ ተረጎመልኝ፤ ኦቦ ነስሩ ወገቡ ላይ እበጥ ወጥቶበታል፣ ማንም እንዳይነካው፣ ማንም እንዳያቅፈው፣ ቦታ ልቀቁለት ነው ያሉት። ጥላው በሙሉ ተነሳ። ምንጣፍ መጣ። ትራስ መጣ። አንድ ትልቅ ጮጮ የግመል ወተት መጣ፤ ለእበጥ መድኃኒት ነው ተብሎ እስከ ታች ማለቅ ነበረበት። ጋሽ ነስሩ ጠጡ። ሆዳቸው እየነፋ ሲሄድ መቀነቱ ጠበቀ፤ መቀነቱ ሲጠብቅ እበጡ ጎላ፤ እበጡ ሲጎላ ሌላ ጮጮ መጣ። ሽማግሌዎች ተሰብስበው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። አንዱ ሽማግሌ፣ ዓይናቸው በደንብ የማያይ፣ ከሩቅ እጃቸውን ወደ እበጡ አቅጣጫ ዘርግተው፣ ከዚህ ሰው ሥጋ ያልሆነው ሁሉ ከእሱ ላይ ይውጣ ብለው ለመኑ። ሁላችንም አሚን አልን። እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን እበጥን በጋለ ብረት የሚያክም አዋቂ በገበያው አለ ተባለ፤ ሰውየውም ተጠርቶ መጣ፤ እሳቱም ተያያዘ። ብረቱ ሲግል እያየሁ ብረት በብረት ላይ ሲያርፍ የሚወጣውን ድምፅ አሰብኩ። ጋሽ ነስሩ ወደ እኔ አዩ፤ እኔ ወደ ኤርሚያስ አየሁ፤ ኤርሚያስ ዓይኑን ጨፍኖ እየጸለየ ነበር። ያዳኑን ጠሃ ናቸው። ገና አልበሰለም፣ ያልበሰለ እበጥ አይነካም ብለው በእርጋታ እሳቱን በአፈር አጠፉ። አዋቂውም በቅሬታ ብረቱን ይዞ ሄደ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጭሮ ገባ። ስልክ የሚባል ነገር አለ። ለዚያውም ጭሮ ላይ ማስረጃው ተሰብስቦ ቆይቷል፤ አረፋው፣ ማነከሱ፣ መደርደሪያው፣ ማቃሰቱ። ሱቁ ስንደርስ ሰው ሞልቷል። የመስጊድ ጎረቤቶች አሉ፤ ማር የያዘ አለ፣ ጥቁር አዝሙድ የያዘ አለ። የኤርሚያስ ቸርች ሰዎችም መጥተዋል። ኤርሚያስ መዋሸት ስለማይችል ከቦርደዴ ደውሎ «በጋሽ ነስሩ ወገብ ላይ ስላለው ነገር ጸልዩ» ነበር ያላቸው። እውነቱን ነው። እትዬ ሉባባ ከሰው መካከል ወጥተው ባላቸውን ወደ ጓዳ ጎተቱና ሹራባቸውን ገልበው፣ ሽጉጧን አውጥተው፣ ከሥሯ ቆዳቸውን በጣታቸው ዳበሱ።

«ሽጉጡ ነው ብዬ ነበር» አሉ፣ ዓይናቸው እንደ ቀላ። «ግን ሰው ሁሉ ሲለው… ምናልባት ከሽጉጡ ሥር ሌላም ነገር ይኖራል ብዬ።»

ጋሽ ነስሩ የሚስታቸውን ጭንቅላት ደረታቸው ላይ አደረጉ። እኔ የጓዳውን መጋረጃ መለስኩ። ለእንቅልፍ የመጣ ብረት እንቅልፍ እየወሰደ ነበር።

ሁለት ቀን ሳይሞላ ኦቦ ጠሃ ራሳቸው መጡ። ከሙቀቱ አገር በሽርጥና በስስ ሸሚዝ፣ አንድ ፍየል እየጎተቱ፣ በጭሮ ብርድ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ፣ በሽተኛ ሊጠይቁ። ኤርሚያስ ከመናኸሪያው በባጃጁ ነው ያመጣቸው፤ ፍየሏም አብራ ተቀምጣ። ሻምበል ጀማልም ያን ቀን ከመሰላ መጥተው ነበር። እትዬ ሉባባ የጋሽ ነስሩን ወፍራም ሹራብ አምጥተው በጠሃ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። ያው ሹራብ ነው፤ ቆላ ላይ ሽጉጥ የሸፈነው።

ጋሽ ነስሩ ተነሱ። ወዳጃቸው በእሳቸው ሹራብ ተጠቅልሎ ሲንቀጠቀጥ ማየት ከበዳቸው መሰለኝ። ኮታቸውን ከፈቱ፣ መቀነቱን ፈቱ፣ ከነኪሱ፣ ከነሽጉጧ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ጠሃ፣ በሽታዬ ይኼ ነው» አሉ።

ጠሃ ወደ ጠረጴዛው ዞረው አላዩም። የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው እየሞቁ ነበር።

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔ የቆላ ሰው ነኝ። ብረትና እበጥ ለእጄ አይጠፋም።»

ጋሽ ነስሩ ቁጭ አሉ። ታዲያ ያ ሁሉ ወተት፣ ያ ሁሉ ዱዓ ለምን እንደሆነ ጠየቁ፤ ድምፃቸው ብዙም አይሰማም ነበር።

«ሰው ሁሉ እያየ ነበር፣ ኦቦ። በዚህ ሙቀት ኮት ለብሰህ መጣህ። አንዱ ተነስቶ ‹ነስሩ ፈራን፣ ታጥቆ መጣ› ካለ ያ ጥላ ያንተ አይሆንም። የታመመን ሰው ግን ማን ይቀየመዋል? ስለዚህ አሳመምኩህ።»

ሻምበል ጀማል ቆባቸውን አወለቁ። ፍየሏ በረንዳው ላይ የእኔን ቁራጭ ጨርቅ ስታኝክ ይሰማ ነበር።

«አንድ ነገር ንገረኝ» አሉ ጠሃ። «ማንን ፈርተህ ነው?»

ጋሽ ነስሩ መቀነቱን መጠቅለል ጀመሩ። ሚስታቸውን ላለመጥራት ነው። እትዬ ሉባባ ከጓዳው በር ላይ ሆነው ተናገሩ።

«እሱ አልፈራም። እኔ ነኝ የፈራሁት። ከዚህ ወጥቶ እስኪመለስ የት እንዳለ አላውቅም። አለማወቁ ነው የሚገድለኝ።»

ጠሃ አንገታቸውን ነቀነቁ። ሻያቸውን ጨርሰው ብርጭቆውን አስቀመጡ፤ ከዚያ ልክ የፍየል ዋጋ እንደሚስማሙ ሁሉ በጣታቸው እየጠቆሙ ነገሯቸው። ከቦርደዴ ሲነሳ እኔ እደውልልሻለሁ አሉ። አሰቦት ላይ አማቼ መንገድ ዳር ቁርስ ቤት አለው፣ መኪናው ሲያልፍ እሱ ይደውላል። ሚኤሶ ላይ የእህቴ ልጅ አለች፣ እሷም ትደውላለች። ከሚኤሶ በላይ ያለው ያንቺ አገር ነው፣ እዚያ አንቺ ታውቂዋለሽ።

«ሰውየውን ያለ ብረት ላኪልኝ፣ እህቴ» አሉ። «እኛ እንመልስልሻለን።»

እትዬ ሉባባ ገብተው የበርበሬውን ቆርቆሮ አመጡ፤ ካርታውን ከነጥይቱ አውጥተው አራግፈው በወንድማቸው እጅ ላይ አኖሩት። ሻምበል ጀማል አስነጠሱ። በወታደርነት ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ጥይት ገጥሟቸው እንደማያውቅ ተናገሩና ሽጉጧን ከነወረቀቷ ተረክበው፣ ሕጉ በሚለው መንገድ እመልሳታለሁ ብለው ወደ መሰላ ይዘዋት ተመለሱ።

አሁን በቦርደዴ ገበያ ቀን የእትዬ ሉባባ ስልክ ይጮኻል። አሰቦት ይደውላል፣ ሚኤሶ ይደውላል። የሚኤሶዋ ልጅ አማርኛ ብዙ ስለማትችል «አለፈ» ብቻ ብላ ትዘጋለች፤ እትዬ ሉባባም ስልኩን ግንባራቸው ላይ ነካ አድርገው ወደ ሚዛናቸው ይመለሳሉ። ሚዛኑ ድኗል። የሰፈሩ ሴቶች ይህን እንደ ሐዘን ነው የቆጠሩት።

መቀነቱ ግን አልቀረም። እኔ ኪሱን ልተርትረው ስል እትዬ ሉባባ ከለከሉኝ፤ ባላቸውን በባዶ ወገብ መላክ አልቻሉም። በሽጉጥ ቅርጽ በተሰፋው ኪስ ውስጥ ቴምር አጭቀው ይሰዱበታል። በመጀመሪያው ቀን ጠሃ እንደ ልማዳቸው የወዳጃቸውን ወገብ ሲይዙ እጃቸው እንደገና ቆመ፤ ጋሽ ነስሩ «ሉባባ ናት» አሉ። ጠሃ ወደ ጥላው ዞረው እበጡ ገና አልዳነም ብለው አወጁ፣ ከዚያ እበጡ ተፈትቶ ምንጣፍ ላይ ተዘረጋና ሁሉም በላው። አሁን የጠሃ ጥላ ሰዎች በየገበያው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ስለ እበጡ ነው።

የማስታውሰው ይህን ነው፤ የጎደለ ይኖራል። ኤርሚያስ፣ አረፋውን አብዝቼዋለሁ ካልክ ቀንስልኝ፤ ሽማግሌው ያሉትንም በትክክል የሰማኸው አንተ ነህና ጨምርበት። ሻምበል፣ የጥይቱን ሽታ እርስዎ ይንገሩ። እትዬ ሉባባ፣ ያን ቀን ጓዳ ውስጥ ያሉትን ሁሉ አልሰማሁም፤ መጋረጃውን መልሼ ነበር። ኦቦ ጠሃ፣ ለእርስዎ ግን ጥያቄ አለኝ። ያን ቀን እጅዎ መቀነቱ ላይ ሲቆም መጀመሪያ ያገኘው ብረቱን ነው፣ ወይስ የወዳጅዎን መንቀጥቀጥ? ሁለቱ በጣም ተጠጋግተው ነበር፤ እኔ በሜትር ልለየው አልቻልኩም።